ማፕ፣ ፊልተር ምናምን ጥሩ ነው፣ ግን ስራ የሚያቀለው ግሩፕባይ ነው

ቡሬ ላይ እህል ለሚሰበስብ አንድ ነጋዴ የመዝገብ አፕ እየሰራሁ ነው። ገበሬው ያስገባው ሁሉ ሊስት ውስጥ ይገባል፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የእህሉ ዓይነት፣ ስንት ኩንታል፣ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም። ሰውየው የሚጠይቀኝም ሁሌ ያው ነው፣ ያልተከፈለው ማን ነው፣ ጤፉ በጠቅላላ ስንት ሆነ፣ ከየቀበሌው ስንት ስንት ገባ።

ለያንዳንዱ ፎር ሉፕ (ሊስቱን አንድ በአንድ የሚያልፍ ኮድ) መጻፍ ይቻላል፣ ይሰራልም፣ ግን ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ያው ሉፕ ነው የሚደጋገመው፣ የሚለየው መሃል ላይ ያለችው አንድ መስመር ብቻ ናት። እሷን ፈንክሽን (ራሱን የቻለ ቁራጭ ኮድ) አድርጋችሁ ከውጭ ስትሰጡት ፊልተርና ማፕ ይሆናል በቃ፣ ፊልተር የሚፈለጉትን ብቻ ይመርጣል፣ ማፕ እያንዳንዱን ወደ ሌላ ይቀይራል። ሀሳቡ የቆየ ነው፣ ጆን ማካርቲ በ1960 (እንደ ፈረንጆቹ) ስለ ሊስፕ (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ባወጣው ጽሁፍ ላይ ማፕሊስት አለ፣ የጃቫ ቋንቋ ግን እስከ 2014 ጠብቋል። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ጄኔሪክስ (አንዱን ፈንክሽን ለማንኛውም ዓይነት ዳታ መጻፍ) ያገኘው በ2022 ነው፣ ከዛ በፊት ለቁጥር አንድ ፊልተር ለስትሪንግ ሌላ ፊልተር መጻፍ ነበር፣ ፊልተሩ እኮ ሊስቱ ውስጥ ኩንታል ይኑር ተማሪ ይኑር ምን አገባው!

ሊስቱን በሙሉ ወደ አንድ ውጤት፣ ለምሳሌ ወደ ድምር፣ የሚያጠቃልለው ሪዲውስ ላይ ትንሽ ጠንቀቅ በሉ። ምንም እህል ያልገባ ቀን ሊስቱ ባዶ ነው፣ ጃቫስክሪፕት ላይ መነሻ (መደመሩ የሚጀምርበት ቁጥር) ካልሰጣችሁት ኤረር ይወረውራል፣ 0 ከሰጣችሁት ግን ድምሩ 0 ይሆናል፣ ሰላም ነው። ኮትሊን ስማቸውንም ለይቶታል፣ መነሻ የሚቀበለው ፎልድ፣ የማይቀበለው ሪዲውስ። እኔ ከድምር ውጪ ባልነካው እመርጣለሁ፣ ሁሉን ነገር በሪዲውስ የሚጽፍ ሰው ኮድ ማንበብ ያደክማል።

ግሩፕባይ ግን ሌላ ነው። "ከየ..." ብሎ ለሚጀምር ጥያቄ ሁሉ መልሱ እሱ ነው፣ መዝገቡን ተቀብሎ ቀበሌውን የሚመልስ ፈንክሽን ትሰጡታላችሁ፣ እሱ በየቀበሌው ከፋፍሎ ይሰጣችኋል፣ ከዛ ኩንታሉን መደመር ነው። ቀበሌውን በእህል ዓይነት ቀይሩት፣ ሌላ ሪፖርት ወጣ።

የኛ ሀገር ጣጣ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አንዱ መዝጋቢ "ፅዮን" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ጽዮን"፣ ለኛ አንድ ነው፣ ለዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥበት ስርዓት) ግን ፅ እና ጽ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ ቀበሌ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይወጣል ድምሩም አይገጥምም። መዝገቡን አትንኩት፣ ሰው እንደጻፈው ይቀመጥ፣ ለግሩፕባይ በምትሰጡት፣ ቁልፉን (መከፋፈያውን፣ እዚህ ቀበሌውን) በሚመልሰው ፈንክሽን ውስጥ ግን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፣ ሰባቱንም ድምጽ ማለቴ ነው፣ ግዕዙን ብቻ ቀይራችሁ ብትተዉት "ፅዮን" እንዳለ ይቀራል። እዛው ትሪምም (ከቃሉ ፊትና ኋላ ያለውን ስፔስ መቁረጥ) አድርጉበት፣ የስልክ ኪቦርድ ከቃሉ ኋላ ስፔስ ሊተው ይችላል።