ከአናቴ በላይ የነበሩት ጎጆዎች

በቦርኔዮ ደሴት፣ በኢንዶኔዥያ ማዕከላዊ ካሊማንታን፣ ሳባንጋው ወደሚባለው ረግረጋማ ደን የኦራንጉታን (ዛፍ ላይ የሚኖር ትልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ) ጎጆ ልቆጥር ስሄድ አንድ ሰው «አንጋጥ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ገደል ባልገባ ነበር። የፈቃዱ፣ የክትባቱና የጉዞው ጉዳይ ጊዜ ቢፈጅም በሰላም አልፏል።

ከዚያ በፊት ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ቆጥሬ አውቃለሁ። ጭላዳ ገላጣ ሜዳ ላይ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ስለሚነጭ ቆጣሪው ትዕግሥት ካለው ይበቃዋል። ኦራንጉታን ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን በዛፍ ላይ ስለሚውል እሱን ራሱን እየፈለጉ መቁጠር አይታሰብም። ደግነቱ ከእናቱ ጋር ከሚተኛው ግልገል በቀር እያንዳንዱ ኦራንጉታን ሲመሽ ቅርንጫፍ አጥፎና ጠላልፎ መኝታ ይሠራል። ስለዚህ ቀጥ ባለ መስመር እየሄዱ ጎጆዎቹን መቁጠርና ከመስመሩ ያላቸውን ርቀት መለካት፣ ከዚያም አንድ ጎጆ እስኪፈርስ የሚቆይበትን ጊዜ አስገብቶ የእንስሳቱን ብዛት ማስላት ይቻላል።

ስሌቱ የቆመው ግን ልክ ከመስመሩ በላይ ያለ ጎጆ አንድም አያመልጥም በሚል ግምት ላይ ነው። ራቅ ብሎ በጎን ያለው ቢያመልጥ ሒሳቡ ያካክሰዋል፤ የአናቱን ግን የሚያካክሰው የለም። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሬ ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነኝ። የሳባንጋው መሬት ግን በቅጡ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት በመሆኑ እግር የዛፉን ሥር ስቶ ከረገጠ እስከ ጉልበት ይሰጥማል፤ ስለዚህ ዓይኔ ከእግሬ አልነቀል አለ፣ ቀና ስልም የማየው ግራና ቀኜን ብቻ ነበር። አስተባባሪያችንም በቀን ሦስት ኪሎ ሜትር ካልጨረሳችሁ እያለ ይጨቀጭቀን ነበር።

ርቀቶቹን በግራፍ ሳወጣ፣ ቅርብ ያለው ጎጆ ይበልጥ ስለሚታይ ከሁሉ መርዘም የነበረበት የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትሮች ዓምድ ከቀጣዩ አጥሮ አገኘሁት። አስተባባሪው «ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል» አለኝ። አያስተካክልም! ያመንኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም ስለማይገባኝ ከእሱ ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑት አዛውንት መንገድ መሪያችን ወደ መጀመሪያው መስመር መልሰው ወሰዱኝና በየሃያ እርምጃው እያስቆሙ አስንጋጠጡኝ። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያልመዘገብኳቸው አራት ጎጆዎች ተገኙ። አንደኛው ቅጠሉ ቡናማ ቢሆንም ቅርጹ ገና አልፈረሰም ነበር፤ ያለውም ምሳዬን ከበላሁበት ግንድ ትክክል በላይ ነው።

የቦርኔዮ ኦራንጉታን ሴት የምትወልደው በየሰባት ወይም በየስምንት ዓመቱ ገደማ ነው። ደሴቲቱ ከ1999 እስከ 2015 ብቻ ከ100,000 በላይ ኦራንጉታን እንዳጣች ይገመታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የእኔ አንገት ስንፍና እንደ እንስሳት እልቂት ሊነበብ ይችላል።

የተሰጠን መመሪያ መስመሩን አንድ ጊዜ መሄድ በቂ ነው ይላል። እኔ አልስማማም፤ ብርሃኑና የቅጠሉ አቀማመጥ ስለሚለወጥ ከተቃራኒው ጫፍ ተነሥቶ መመለስ ግድ ነው፣ የኪሎ ሜትሩ ኮታ በግማሽ ቢቀንስም ይቀንስ። አሁን መስመር ስወጣ ቅጹን የሚሞላው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ቆሜ አንጋጥጣለሁ።