ኢኪናሺያ ከፋፍላችሁ ከመትከላችሁ በፊት ቅጠሉን እዩ

ብዙ ሰው ኢኪናሺያን የሚያውቀው ጉንፋን ሲይዘው በሚጠጣው ሻይ ወይም በሚውጠው እንክብል ነው። ተክሉ ግን የሰሜን አሜሪካ ሣራማ ሜዳ አበባ ነው፤ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ በየቤቱ ደጃፍ ታዩታላችሁ። ከ60 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ሐምራዊ ሮዝ መልካበባዎቹ ወደ ታች ዘንበል ይላሉ፣ መሀሉ ላይ እጅ የሚወጋ ብርቱካንማ ጉብታ አለው። ስሙም የወጣው ከዚሁ ጉብታ ነው፤ «ኤኪኖስ» በግሪክኛ ጃርት ማለት ነው። ከአደይ አበባና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ጠጅ ሳር ነቅሎ፣ ከፍሎ ለጎረቤት ያካፈለ ሰው ኢኪናሺያን ከነሥሩ ከፋፍሎ የማብዛቱ ሥራ አዲስ አይሆንበትም። ጠጅ ሳር ግን እንዴትም ቢተከል ይጸድቃል። ኢኪናሺያ ላይ ያንን ድፍረት ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ መጀመሪያ ነገር ኢኪናሺያ የሚባለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም።

በችግኝ መሸጫ በብዛት የሚገኘው ፑርፑሪያ የሚባለው ነው። የዚህ ሥር እንደ ጭገር የተበተነ ነው፤ በየዓመቱ ከጎኑ አዳዲስ ቡቃያ እያወጣ ስለሚሰፋ መከፈል ይችላል። አንጉስቲፎሊያ፣ ፓሊዳ እና ቢጫ የሚያብበው ፓራዶክሳ ግን እንደ ካሮት ቁልቁል የሚወርድ አንድ ወፍራም ሥር ነው ያላቸው። ካሮት ለሁለት ሰንጥቆ ቢተክሉት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መቆፈር አያስፈልግም፣ የታችኛውን ቅጠል እዩ። ሰፊ፣ እንደ እንቁላል ክብ ብሎ ጫፉ የሾለ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ከሆነ ፑርፑሪያ ነው። ጠባብና ረጅም ሆኖ እንደ ጦር ከሆነ፣ ጠርዙም ጥርስ ከሌለው፣ ከሌሎቹ ወገን ነውና አትንኩት። እነዚህን ማብዛት የሚሻለው በዘር ነው፤ በመከር መጨረሻ ዘሩን አፈር ላይ በትናችሁ በስሱ ሸፍኑት፣ የበረዶው ወራት ቀሪውን ይሠራዋል። ከዱር ቆፍሮ ማምጣት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። የቴኔሲው ዝርያ ከ1979 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንግሥት ሊጠፉ በተቃረቡ ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ ነበር።

ፑርፑሪያ ቢሆንም ደርሶ መክፈል ጥሩ አይደለም። በአራት ዓመት አንዴ ገደማ ይበቃዋል። ምልክቱ መሀሉ ባዶ ሆኖ ዳር ዳሩ ብቻ ሲያብብ ወይም ግንዶቹ ተጨናንቀው አበባው ሲያንስ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ተክል ቅጠሉ ይበዛል፣ አበባው ይቀንሳል። አሁን ባለበት ደህና እያበበ ከሆነ መቆፈሪያውን ወደ ቦታው መልሱ።

ጊዜው እንደ ከተማው ይለያያል። ሚኒያፖሊስና ዴንቨር ላይ የተሻለው ጸደይ ነው፤ ቡቃያው ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ብቅ ሲል፣ ያም ብዙውን ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ድረስ ነው። በመከር ለሚሠራ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ያመቹታል፤ መሬቱ በበረዶ ከመጠንከሩ በፊት ሥሩ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋልና ከዚያ አታሳልፉ። ዳላስ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በጸደይ የተከፈለ ሥር ሳይይዝ የበጋው ሐሩር ይደርስበታል፣ ስለዚህ ኦክቶበር ይሻላል። በየትኛውም ከተማ ሲያብብ መክፈል አይገባም፣ ጉልበቱ ሁሉ አበባው ላይ ነውና።

ከቀኑ በፊት ማታ ውኃ አጠጡት። ደረቅ አፈር ሥር ይዞ አይነሳም፣ ተሰባብሮ ይወርዳል፣ ቀጫጭኑንም ሥር ይዞት ይሄዳል። በመከር ከሆነ ግንዱን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት። ከዚያ ከውጪኛው ግንድ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን ቆፍሩ፣ ጥልቀቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጥርስ ያለው መቆፈሪያ ካላችሁ ከአካፋ ይሻላል፤ አካፋ ሥሩን ይቆርጠዋል፣ ባለ ጥርሱ ግን እያወዛወዘ ያነሳዋል። ግንዱን ይዛችሁ ከላይ አትጎትቱ፣ ከሥር አንሱት።

ካወጣችሁ በኋላ አፈሩን አራግፉና በጎማ ውኃ እጠቡት። ሳይታጠብ ስለት የሚያሳርፍበት ሰው በጭፍን እየቆረጠ ነው። ታጥቦ ሲጠራ ቡናማ ሥር የተጠላለፈበት ጠንካራ አንገት ይታያል፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ማለት ነው። አንገቱ ላይ እንደ ድንች ዓይን ያሉ፣ ነጣ ብለው ወደ ሐምራዊነት የሚወስዳቸው ጎላ ጎላ ያሉ ቡቃያዎች አሉ። እነሱን ቁጠሩ። አንድ ክፍል ከሦስት እስከ አምስት ዓይንና የራሱ ሥር ሊኖረው ይገባል። አንድ ዓይን ብቻ ይዞ የቀረም ሊጸድቅ ይችላል፣ አበባ የሚያሳያችሁ ግን ዘግይቶ ነው፤ ስስት እዚህ ላይ ነው የሚከስረው።

ብዙውን ጊዜ በሁለት እጅ ይዞ ማላቀቅ ይበቃል። እምቢ ካለ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉና ከላይ ወደ ታች፣ በዓይኖቹ መካከል ቁረጡ። መሀሉ ላይ እንጨት የሆነ፣ ዓይን የሌለው፣ ሲጫኑት የሚሟሽሽ ካለ ጣሉት። የተከፈለው እስኪተከል ድረስ ጥላ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይ። ቀጫጭን ሥር ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ይደርቃል፣ ስለዚህ ጉድጓዱን አስቀድማችሁ ቆፍሩት።

ብዙውን ተክል የሚገድለው ቢላው አይደለም፣ ጥልቀት ነው። አንገቱ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ጉድጓዱን ከሥሩ ሁለት እጥፍ አስፉ፣ አታጥልቁት። መሀሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ሠርታችሁ ሥሩን እንደ ጃንጥላ ዘርጉበት። ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድሙ፤ አንገቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። አፈር ሲመለስና ውኃ ሲጠጣ ትንሽ ስለሚወርድ እኔ ብሆን አንድ ጣት ያህል ከፍ አደርገዋለሁ። በአንዱና በሌላው መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተዉ፣ ቦታውም ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን።

የዴንቨርም የዳላስም አፈር በብዙ ቦታ እንደ መረሬ የሚጣበቅ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ጉድጓዱን ብቻ በኮምፖስት መሙላት የሳህን ያህል ውኃ የሚያቁር ገንዳ መሥራት ነው። ማለስለስ ካስፈለገ መደቡን በሙሉ አለስልሱ፣ ወይም መደቡን ከፍ አድርጉት። ማዳበሪያ አትጨምሩ። ናይትሮጅን የበዛለት ኢኪናሺያ ግንዱ ይለመልምና በመጀመሪያው ነፋስ ይጋደማል።

ችግኙ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «ድርቅ ይችላል» ይላል። እውነት ነው፣ ሥሩ በደንብ ለያዘው። አሁን የተከፈለው ግን አብዛኛውን ሥሩን ያጣ ነውና ለጊዜው ድርቅ አይችልም። በተተከለበት ቀን አምስት ሊትር ያህል ቀስ አድርጋችሁ አጠጡት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ ጣት አስገብታችሁ እዩ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ታች ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ከዚያ በኋላ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ዝናቡን ጨምሮ በሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ተክል ውኃ አልጠየቀም፤ ሥሩ ገና ስላልበቃው ነው። ጠዋትም ጠውልጎ ካደረ ግን ያኔ ስጡት። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አንገቱ ከጠቆረና ሲነካ ከለሰለሰ ውኃ በዝቶበታል ወይም ጠልቋል። ሙሉ በሙሉ ካልበሰበሰ አውጥታችሁ፣ የጠቆረውን ቆርጣችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት። በጸደይ የተከፈለ ከሆነ በመጀመሪያው ወር የሚያወጣውን የአበባ ግንድ ቁረጡ፤ ያሳዝናል፣ ግን ያንን ጉልበት ወደ ሥር ይመልሰዋል።

የማይከፈል ኢኪናሺያም አለ፣ የታመመው። አበባው አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፣ ከጉብታው ላይ ትናንሽ ቅጠል ከበቀለ፣ ተክሉም ቀጭጮ ቅጠሉ ከገረጣ፣ አስተር የሎውስ የሚባል በሽታ ነው። የሚያመጣው ፋይቶፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ መሳይ ረቂቅ ተሕዋስ፣ የሚያዛምተው ደግሞ ፌንጣ የምትመስል ትንሽ ዘላይ ነፍሳት ናት። መድኃኒት የለውም። በሽታው ሥር ውስጥ ስላለ መክፈል ማለት ማባዛት ነው፤ ከነሥሩ ነቅላችሁ ጣሉት። ቅጠሉና ግንዱ ጤነኛ ሆኖ ጉብታው ላይ ብቻ የተንጨባረረ ጎፈር ከታየ ግን ማይት የምትባል፣ በዓይን የማትታይ የመዥገር ዘመድ ተባይ ልትሆን ትችላለች፤ የተጎዳውን ራስ ቆርጦ በከረጢት መጣል ይበቃል፣ ተክሉን መንቀል አያስፈልግም። ሁለቱን ሳይለዩ ሁሉንም መንቀል የተለመደ ስህተት ነው።

አበባቸው ድርብርብ የሆነና ቀለማቸው የበዛ አዳዲስ ዝርያዎችን የምትወዱ መለያውን አንብቡ። ፓተንት፣ ማለትም በሕግ የተመዘገበ የባለቤትነት መብት፣ ያለበትን ተክል አሜሪካ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከፍሎ ማብዛት ሕጉ አይፈቅድም። ማግነስ የሚባለው ሐምራዊ ዝርያ ግን የቆየ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የቋሚ ተክሎች ማኅበር የዓመቱ ተክል ብሎ መርጦታል፣ ሲከፈልም አያስቸግርም።

በመከር ለከፈላችሁ አንድ ነገር ይቀራል። መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ አዲሱን ተክል ከነሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጉዝጓዙን፣ አፈሩን የሚሸፍነውን ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው፣ ቀድማችሁ ሳይሆን መሬቱ ከጠነከረ በኋላ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አልብሱት፣ አንገቱ ላይ ግን አትከምሩ። በረዶው ሲለቅ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ተነስቶ ሥሩ የታየ ካለ በእግር ቀስ ብላችሁ መልሱት፣ በቡቃያው ዙሪያም ጥንቸል እንዳይቀጥፈው ጥቂት የሽቦ ወንፊት አቁሙ።