ያልተቋጨው ነጠላ

የሽሮ ሜዳ ብርድ ነሐሴ ላይ ሌላ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ረፋድ ድረስ አይገፈፍም። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረው እንኳ አይሰማም። የምሠራበት የሀበሻ ልብስ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሦስት በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የካውያ ቦታ። ካውያው የኔ ሥራ ነው።

ነሐሴ 15 ቀን 2011 ሌሊት አራት ሆነን አመሸን። የቤቱ ባለቤት እትዬ አሉ፤ ወሎዬ ናቸው። መኪና ላይ የሚቀመጠው ልጅ ከጎንደር የመጣ ነው። ጋሼ ደግሞ ሸማኔያችን ናቸው፣ የዶርዜ ሰው። ነጠላውን ቤታቸው ሸምነው ያመጡና ዘርፉን እኛ ጋ ቁጭ ብለው ይቋጫሉ። ደንበኛችን በማግስቱ ወደ አሜሪካ በራሪ ናት። አራት ቀሚስ ከነነጠላው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልትረከብ ቀጥራለች። እዚያ ያሉት እህቶቿ እንቁጣጣሽን የሚውሉበት ልብስ ነው።

ነጭ ልብስ ጠላቱ ብዙ ነው። አንድ ጠብታ ጭቃ የሦስት ሳምንት ጥልፍ ያበላሻል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ መስኮቱን በላስቲክ እንለጥፈዋለን። የበሩን ሥር በእራፊ እንወትፈዋለን። ይህን የማደርገው እኔው ነበርኩ፤ በጥንቃቄ ነበር የማደርገው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሻማ አበራን። መኪናው በእግር ስለሆነ ችግር የለውም፣ የኔ ካውያ ግን የኤሌክትሪክ ነው። እትዬ የድሮውን የከሰል ካውያ ከመደርደሪያው አወረዱልኝ። ማንደጃውን በረንዳ ላይ አቀጣጠልኩ። ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ከሰሉ ቀልቶ ፍም ሲሆን አስገባሁት። እናቴ እንዲህ ነው ያሳየችኝ፤ ጭስ ከሌለው አይጎዳም። ግማሹን ፍም ካውያው ውስጥ ከተትኩ። በቀረው ላይ ጀበና ጣድኩ። ቤቱ ሞቀ።

ፍልሰታ ልትፈታ አንድ ሌሊት ነው የቀራት። ጾመኛ ሰው ደግሞ ወሬው ሁሉ ምግብ ነው። ጨዋታውን የጀመረው ልጁ ነበር። ቡሄ ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ልጅ እያለ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አንዲት እናት ከምጣድ የወጣ ትኩስ ሙልሙል ሰጡት። ጓደኞቹ እንዳይካፈሉት ሸሚዙ ውስጥ ከተተውና ሆዱን እያቃጠለው ቤቱ ድረስ ሮጠ። ለታመመች ታናሽ እህቱ ነበር የያዘው። «ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን በላነው» አለ።

እትዬ ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለው ማንም ያልጠበቀውን አወሩ። በ1977 የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር በእግር ተጉዘው ቆረም መጠለያ ደረሱ። ገንፎ በቆርቆሮ ታደላቸው። «ስጨርስ ውስጡን በጣቴ ጠረግኩት። የቆርቆሮው ጠርዝ ቆረጠኝ። ደሙንም ገንፎውንም አብሬ ላስኩት» አሉና ሌባ ጣታቸውን ወደ ሻማው አስጠጉ። ቀጭን ነጭ መስመር አለበት። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያን ጣት በየቀኑ ጨርቅ ሲገፋ አይቼዋለሁ። ጠባሳውን አይቼው አላውቅም።

ልጁ ራሱን ያዘ። «ወጠረኝ» አለ። የኔም ግንባር ከበድ ብሎኝ ነበር። «ጾሙ ነው ልጄ፤ ቡናው ሲደርስ ይለቅሃል» አሉት እትዬ። ሽንት ቤት ወጥቶ ቆይቶ ተመለሰ። ሲገባ እንዲህ አለ፤ «ውጭ ስወጣ ለቀቅ አድርጎኝ ነበር፤ ስገባ ተመለሰብኝ»። ሦስታችንም ሰምተነዋል። ማናችንም ልብ አላልነውም። ይህን ንግግሩን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተራው የጋሼ ሆነ። የሳቸውን ታሪክ ሃያ ጊዜ ሰምተነዋል፤ አንድ ቃል አይዛነፍም። በ9 ዓመታቸው ነው ሽመና ሊማሩ ከዘመድ ጋር አዲስ አበባ የተላኩት። እናታቸው ቆጮ ጋግረው በኮባ ቅጠል ጠቀለሉላቸው፤ ዳጣውን ለብቻ በትንሽ ቅል። ግማሹን መንገድ ላይ በሉት። ግማሹን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ፣ እግራቸው ሥር ደበቁት። ሌሊት ሌሊት እየቆረሱ 11 ቀን አቆዩት። ሁልጊዜ ሲያወሩ እጃቸው ይሠራል። ክሩን ከፍለው፣ በመዳፋቸው ጭናቸው ላይ አሽተው፣ አጣምረው ይቋጫሉ። አያዩትም እንኳ።

ያን ሌሊት «እናቴ በኮባ ጠቀለለችልኝ» አሉ። ትንሽ ሄዱና እንደገና «እናቴ በኮባ ጠቀለለችልኝ» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙት ድምፃቸው ወረደ። ሆድ ብሷቸው መሰለን። አክብረን ዝም አልን።

ካውያውን ላነሳ ብድግ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወደ ጋሼ ዞርኩ። እጃቸው ቆሟል። የጋሼን እጅ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። ልጁ ፊቴን አየ፣ ማንደጃውን አየ። «ከሰሉ ነው!» ብሎ በሩን በርግጫ በረገደው። ውጭ ወጥቶ አየር ያገኘ እሱ ብቻ ስለነበር አቅም የነበረውም እሱ ብቻ ነው። ጋሼን በብብታቸው ይዞ ዝናቡ ውስጥ ጎተታቸው። እትዬንና እኔን ጎረቤቶች አወጡን።

አንዷ ጎረቤት ወተት ይዛ ሮጣ መጣች። ለጋሼ ልታጠጣቸው ስትል ልጁ ከለከላት። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን ልክ ነበር። ወተት ለዚህ አይረዳም፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ላይ ሲፈስ ደግሞ ያንቃል። የሚያስፈልገው ንጹህ አየር፣ ከዚያም ኦክስጅን ነው። የሰፈር ላዳ ሆስፒታል አደረሰን። ለሁላችንም ኦክስጅን ተደረገልን፤ ጋሼ ላይ ግን እስኪነጋ አልተነሳም።

ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ያስረዳኝን አልረሳውም። የሚገድለው ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር ሲያያዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ያጠብቃል። ቀልቶ ጭሱ ያለቀ ፍምም ያወጣዋል። በዝግ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ምክንያት ሳይፈልጉ መውጣት ነው አለኝ። እኛ ምክንያት አላጣንም ነበር፤ ጾም ነበረን።

ጾሙን ሆስፒታል ፈታን። እትዬ ተነስተው፣ ጋሼን በዚያው ጣታቸው አጎረሷቸው።

ደንበኛችን ያለቁትን አራት ቀሚስና ሦስት ነጠላ ይዛ በረረች። አራተኛውን ነጠላ ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ቤቱን ስናጸዳ ነው። ዘርፉን ከዳር ጀምሬ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ያሉት ጠበቅ ብለው እኩል ተቋጭተዋል። መሀል አካባቢ ይላላሉ። ቀጥሎ ክሮቹ ተከፍለዋል፣ ግን አልተጣመሩም። መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ክር ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ልጨርሰው ብለው ጠየቁ። እትዬ አልሰጧቸውም፤ መስኮቱ አጠገብ ሰቀሉት።

መስኮቱ ላይ ላስቲክ የለም አሁን። ልብሱን ነው በላስቲክ የምንሸፍነው። ማንደጃው በረንዳ ላይ ይቀራል፤ የከሰል ካውያውን እትዬ አስወግደውታል። መብራት ከሄደ ሥራ ይቆማል፣ ደንበኛም ይቆጣል። ከበሩ ጀርባ በልብስ ጠመኔ 939 እና 907 ተጽፏል፤ የእሳትና አደጋ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ነጠላውን አሳያለሁ።

ጋሼ ለመስቀል አገራቸው ሄደው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዘውልን መጡ። በረንዳው ላይ ከዳጣ ጋር በላነው፤ ብርድ ነበር። ልጁ «ጋሼ፣ ያቺን ታሪክ» አላቸው። አዲስ ነጠላ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩልን። እኔ የማየው እጃቸውን ነበር።