የተኳረፉ ወንድማማቾችን ታሪክ በልብ ወለድ የጻፍሁበት መንገድ

ተኳርፎ ኖሮ በመጨረሻ ስለታረቀ የደጋ ቤተሰብ ረጅም ልብ ወለድ ለመጻፍ ስነሣ፣ በቅድሚያ መወሰን የነበረብኝ የጥሉ መንስኤ ሳይሆን ባለታሪኮቹ ተለያይተው መኖር የማይችሉበት ምክንያት ነበር። በከተማ የተጣላ ሰው ሰፈርና ስልክ ቁጥር ይቀይራል፤ ነገሩም በዚያው ይደበዝዛል። እኔ የመረጥሁት ግን ከምኖርበት ከድሬዳዋ ተነሥቶ ደንገጎን በመውጣት ወደ ቁልቢ የሚያመራው መንገድ የሚያልፍበትን ተራራማ አገር ነው። በዚያ የተጣሉ ወንድማማቾች ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት አንዱ የሌላውን ማሳ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለደነገገ፣ የተቀየመው ገበሬ ድርሻውን ሸጦ ሌላ ቀበሌ ሊገባ አይችልም፤ ጥሎ ቢሄድም የሚሄደው ባዶ እጁን ነው። ይህ አንቀጽ ለታሪኬ ከየትኛውም ክፉ ገጸ ባሕርይ የበለጠ ጠቅሞኛል።

ለጥሉ መነሻ ያደረግሁት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ይዞታዎች እንዲመዘገቡና ባለይዞታው ደብተር እንዲሰጠው ያዝዝ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ታናሽየው ድሬዳዋ ወርዶ በጫኝና አውራጅነት ሲሠራ፣ ታላቅየው አባታቸው የተዉትን እርከን በሙሉ በራሱ ስም ያስመዘግባል። ሆኖም ቀማኛ ላደርገው አልፈለግሁም። በእርከኑ ላይ በዝናብ የተናደውን ካብ እየመለሰ የኖረው፣ እናቱንም እስከ ዕለተ ሞቷ የጦረው እርሱ ነው፤ «የሚያርስ ሰው ካልተመዘገበ ማን ይመዝገብ?» ሲል አንባቢው መልስ እንዲያጣ እፈልግ ነበር። ሁለቱም እውነት ካልያዙ እርቁ ከፍርድ ቤት ውሳኔ አይለይም።

ኩርፊያን ማሳየት ጥልን ከማሳየት ይከብዳል። ጥል ቃል አለው፤ ኩርፊያ ግን የሚነበበው ሳይደረግ በቀረው ነገር ነው። እናትየዋ ስትሞት ታናሽየው ለቀብር ወጥቶ አስከሬኑን ከወንድሙ ጋር ይሸከማል፣ ለቅሶ ላይ ይቀመጣል፣ ነገር ግን እህል ሳይቀምስ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ያን ምዕራፍ ያለ አንዳች የቁጣ ቃል ጻፍሁት፤ ያገራችን አንባቢ ያልተቆረሰ እንጀራ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና ማብራራት አላስፈለገኝም። ክረምቱን ደግሞ ታናሽየው ሚስትና ልጆቹን አያታቸው በነበረችበት ጎጆ ያሳርፋቸዋል። ማሽላው እሸት ሲይዝ የሁለቱም ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃሉ፤ አባቶቻቸው በማይነጋገሩበት ድንበር ላይ ጥንቅሽ ተሰባብረው ይመጣሉ። ልጆቹን የእርቅ መልእክተኛ እንዳደርጋቸው ብዙ ተፈትኜ ነበር፤ ተውሁት። ጥንቅሽ በሉ፣ አለቀ።

ሌላው ፈተና ቁልቢ ገብርኤል ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን ከየአቅጣጫው ምእመናን የሚተሙበት፣ ስለት የሚገባበት በዓል በአጠገባቸው እያለ ሁለቱን ወንድማማቾች በደጀ ሰላሙ አገናኝቶ ማላቀስ እጅግ ቀላል ነው። በእኔ እምነት ግን ይህ ለደራሲው የሚቀርብ አቋራጭ ነው፤ ስለዚህ በበዓሉ ቀን በሕዝቡ መካከል ሳይተያዩ እንዲተላለፉ አደረግሁ።

እርቁን የገነባሁት በሽምግልናው ሥርዓት ላይ ነው፤ የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ቅርጹን ያገኘውም ከዚያ ነው። ሽማግሌዎች አስቀድመው ሁለቱን ለየብቻ ያዳምጣሉ፣ ከዚያም ቀን ይቆርጣሉ፣ ነገሩን ለእነርሱ እንዲሰጡና ዋስ እንዲጠሩ ይጠይቃሉ። ታላቅየው ቤት ሲሄዱ መደብ ቢዘረጋላቸው አይቀመጡም፣ ቡና ቢቀርብ አይቀምሱም፤ «ልጄ፣ እሺ በለን፤ ቆመን አታስመሸን» ይላሉ። እርሱም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ወዲያው እሺ ማለት በደሉን ማቅለል ይሆንበታልና። ከዚህ የተማርሁት፣ በደልም ይቅርታም በሦስተኛ ሰው አፍ የሚነገርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ልባቸውን የሚገልጡበት ረጅም ምልልስ ውሸት ሆኖ እንደሚሰማ ነው። ወንድማማቾቹ ከታረቁ በኋላ በቀጥታ የሚለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል «በሬህ ያነክሳል» የሚል ነው። ሌላው «አይቼዋለሁ» ይላል።

ረቂቁን ካነበቡልኝ መካከል በዚያው ደጋ ያደገች አክስቴ «ታረቁ አልህ፤ መሬቱሳ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወለደ። የ1997ቱ ዐዋጅ ይዞታ ከተወሰነ ዝቅተኛ መጠን በታች እንዳይከፋፈል ይከለክል ስለነበርና እርከኑም ጠባብ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ መሬቱ ሳይቆረስ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ፣ ታላቅየው እያረሰ ምርቱን እንዲያካፍል ይወስናሉ፤ ከዚያም ሁለቱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ማኅተም ያዢው ምሳ ስለወጣም ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። የድሬዳዋ ወዳጆቼ ምዕራፉ ደረቅ ነው፣ በእርቁ ላይ ብትጨርስ ይሻላል ብለውኛል። አላወጣሁትም፤ ከማሳጠር በቀር አልነካሁትም።