የእማዬ ሁለት ዓይኖች

እማዬ ሰሞኑን አዲስ ሥራ ይዛለች። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍንና ታያለች፤ ከዚያ ሌላውን ትሸፍንና ታያለች። የቀኝ ዓይኗ የሞራ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገብቶለታል። ግራው ገና ተራውን እየጠበቀ ነው። ሁለቱ አልተስማሙም። በቀኙ ስታየው ነጠላዋ ፍጹም ነጭ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። በግራው ስታየው ግን ያው ነጠላ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል።

እሑድ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ወሰድኳት። ነፋስ ገፍቶ ያመጣው እምቦጭ አበባውን አውጥቶ ተኝቷል። ግራ ዓይኗን ሸፍና ብዙ ቆየች።

«ሐምራዊ ነው ለካ!» አለች። «ጣናን የሚጨርስ ነገር እንዲህ ማማሩ አያናድድም?»

ያናድዳል። ግን ነገሩ ከአበባው ይልቅ ስለ ዓይኗ ብዙ ነገረኝ። የሰው ሌንስ በልጅነት ጥርት ያለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ በውስጡ ያለው ፕሮቲን እየተለወጠ ይሄድና ሌንሱ ቢጫ፣ ሲብስም ቡናማ ይሆናል። ቢጫ ደግሞ ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ያስቀራል። ሰውየው አይታወቀውም፤ ለውጡ ዓመታት ስለሚፈጅ አእምሮ ይለምደዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1923 የሞራ ቀዶ ጥገና ካደረገ በኋላ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሆነብኝ ብሎ ተቸግሮ ነበር። ያኔ የወጣውን የሚተካ ሌንስ አልነበረም። ወፍራም መነጽር ብቻ ነበር።

ሰው ሠራሽ ሌንስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ለንደን ውስጥ ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የዓይን ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ከአውሮፕላኑ መስኮት የተሰበረ የፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆጣ መቅረቱን ልብ አለ። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ ተከለ። የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ተቃወሙት። ዛሬ እማዬ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ብርሃን የሚያልፍበት ክፍሉ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ልንለው እንችላለን።

ታናሽ ወንድሜ ጥያቄ ይዞ መጣ። ቢጫ ሌንስ የሚባል አለ፣ ሰማያዊ ብርሃንን አጣርቶ ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ይጠብቃል ይላሉ፣ ለምን እሱን አላደረጉላትም? ለራሱም ሰማያዊ ብርሃንን ይቀንሳል የሚባለውን «ብሉ ከት» መነጽር ገዝቷል፤ ሻጩ ካለሱ ስልክ ማየት ዓይን ያጠፋል ብሎት። ሻጩን አልወቅሰውም፣ የሚሸጠውን ነው የሚያወድሰው።

ቢጫው ሌንስ እውነት አለ። የተፈጥሮውን ሌንስ ቢጫነት ለመምሰል ነው የተሠራው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ማስረጃውን ሰብስቦ ሲያይ፣ ማኩላን፣ ማለትም የሬቲናን መሃል፣ ይጠብቃል የሚለውን የሚያረጋግጥ በቂ ነገር አላገኘም። በ2023 ደግሞ ስለ መነጽሩ 17 ጥናቶችን አየ። ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው የዓይን ድካሙ በብሉ ከት መነጽር ከተራው የበለጠ አይቀንስለትም ነው ያለው፣ ቢያንስ በአጭር ጊዜ። ስልክ ላይ አፍጥጦ የዋለ ዓይን የሚቆረቁረው መርገብገብ ስለሚቀንስ ነው፤ ይደርቃል። በዚያ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ሥራ አለው። ሬቲና ውስጥ ለእሱ የሚነቁ ሕዋሳት አሉ፣ ሰውነታችን ቀንና ሌሊቱን የሚለየው በነሱ ነው። ማታ አልጋ ላይ ስልክ አይመከርም የሚባለው በዚህ ነው። የእንቅልፍ ጉዳይ ነው እንጂ የመታወር አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ውጭ ያለው ብርሃን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጨረሩ ሞራን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው። በደንገል ታንኳ ውሎ የሚገባ ዓሣ አጥማጅ ባርኔጣ እንኳ የለውም። እኛ ግን ስለ ስልክ እንጨነቃለን። የመንገድ ዳር በያጆች ደግሞ በተራ የፀሐይ መነጽር ሲበይዱ ሳይ ያመኛል። ሬቲና ሲቃጠል ሕመም የለውም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ ቀለበት የሆነች ዕለት በባዶ ዓይን አትዩ እየተባለ የተለፈለፈው ለዚህ ነበር። እዚያ ላይ ሰማያዊው ብርሃን በእርግጥ ጥፋተኛ ነው፤ ፀሐይን አፍጥጦ ያየን ሬቲና በዋናነት የሚጎዳው እሱ ነው።

ለወንድሜ ያልኩት ይሄንን ነው። የእማዬ ሌንስ ቀለም የለውም እንጂ አልትራቫዮሌቱን ያስቀራል። ለቀሪው ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ይበቃል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነው። በቀዶ ጥገና የሚመለስ ብርሃን! እዚህ አገር ላይ ስለ ሌንስ ቀለም መከራከር ለእኔ ቅንጦት ነው።

ሐኪሟ የፈራችላት ሌላ ነገር ነው፤ ስኳሯን። ጠብታ ጨምራ ብሌኗን ከፈተችና ሬቲናዋን ለረጅም ጊዜ አየች። ሌንስ ይቀየራል፣ ሬቲና አይቀየርም። እስካሁን ደህና ነው፣ በየዓመቱ ግን መታየት አለበት አለች።

እማዬ የምትሰማው የመሰላትን ነው። «እሺ የኔ ልጅ» አለቻትና ወዲያው ስለ ግራው ጠየቀች። እሱም የቀኙ ዓይነት ሌንስ ይገባለታል፣ ቀለማቸው እንዲገጥም። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ወንድሜ ወረፋ ይዟል፤ እኔ ደግሞ ሻይዋን ያለ ስኳር አፈላለሁ፣ እየተነጫነጨች ትጠጣለች።