ጨው መስሎኝ ነበር

ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። የእሁዱን ጉዞ ፕሮግራም አትሜ፣ በአሥራ አንድ ኮፒ አባዝቼ፣ ወደ ቤት ልሄድ ቦርሳዬን እያነሣሁ ነበር። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሽማግሌ ባልደረባዬ አንዱን ኮፒ ሳብ አደረገና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ በጃፓንኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ሺዮ ዋ ዳይጆቡ?»

«ዳይጆቡ» ማለት ችግር የለም፣ ደህና ነው እንደማለት ነው። «ሺዮ» ደግሞ ጨው። ጨውስ ምንም ችግር የለበትም ወይ? አለኝ ማለት ነው።

«ምንም ችግር የለም። ትንሽ እንዲቀንሱልን ጠይቄ እሺ ብለውኛል» አልኩት።

ቀና ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። «አ…» አለና ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

የምሠራው ሂሮሺማ ከተማ ውስጥ፣ ከውጭ አገር ለሥልጠና የሚመጡ ባለሙያዎችን የሚያስተናግድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ነው። አስተርጓሚም ነኝ፣ ፕሮግራም አውጪም ነኝ፣ ሰው ጥርሱን ሲያመው ሐኪም ቤት ወሳጅም ነኝ። ያኔ የመጡት አሥር ኢትዮጵያውያን የከተማ ውሃ ባለሙያዎች ነበሩ። የሚያርፉባት አንዲት እሁድ ብቻ ስለነበረች የት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። አሥሩም አንድ ቦታ ጠሩ። ሚያጂማ።

ሚያጂማ ከሂሮሺማ አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ትክክለኛ ስሟ ኢትሱኩሺማ ነው፤ ሚያጂማ ማለት የቤተ መቅደስ ደሴት እንደማለት ነው። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ከአገራቸው ሦስት ውብ እይታዎች አንዷ አድርገው ይቆጥሯታል። ቤተ መቅደሱ በ1996 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ፎቶውን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባሕር መካከል ቆሞ የሚንሳፈፍ የሚመስለው ትልቁ ቀይ በር ነው።

እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ በሩ አይደለም፤ ስለ ምሳ ነው። እሁዱ ሆሳዕና ነበር። ከአሥሩ ስድስቱ ጾመኞች ናቸው። ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። አንዱ ምንም አይመርጥም፤ እግዜር ይስጠው። ጃፓን ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቶፉ አለ፣ አትክልት አለ፣ ሩዝ አለ። ግን ሾርባውም፣ ወጡም፣ አትክልቱ የተቀቀለበት ውሃም ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የወጣ መረቅ አለበት። ደሴቲቱ የምትታወቅበት የቅጠል ቅርጽ ያለው ኬክ እንኳ፣ ውስጡ ጣፋጭ የባቄላ ገንፎ ሆኖ ሳለ፣ ሊጡ እንቁላል አለው። ሦስት ቀን ስልክ ላይ ዋልኩ። በዚህ ላይ የቡድኑ ታላቅ የሆኑት መሐንዲስ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው። ስለዚህ ምግብ ቤቱን ጨው እንዲቀንሱ ለመንኩ። ባልደረባዬ «ሺዮ» ሲለኝ ሌላ ነገር ትዝ ሊለኝ አይችልም ነበር።

የቀረውን በደቂቃ ሸንሽኜ አስቀመጥኩት። የጀልባው ጉዞ አሥር ደቂቃ። ቲኬቱ 200 የን፣ በላዩ ላይ ደሴቲቱ ከጎብኚ የምትሰበስበው 100 የን ቀረጥ። ከዚያ በኬብል መኪና ወደ ሚሴን ተራራ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ቤተ መቅደሱ፣ በመጨረሻም ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ፎቶ። የተከራየነው ሚኒባስ ደሴቲቱ ትይዩ ካለው ወደብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። እዚህ አገር የሾፌር ሰዓት አይለመንም።

ቅዳሜ ማታ የመጨረሻ ማሳሰቢያ ልሰጥ ወደ ማረፊያቸው ሄድኩ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ጨረቃዋ ሞልታለች» አሉኝ። «ደግ ነው። ፋሲካ ደርሷል።»

በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ መጥቅዕና አበቅቴ፣ አባቶች የበዓላቱን ቀን እንዴት እንደሚያወጡት በጣታቸው እየቆጠሩ አጫወቱኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ጆሮዬ ግማሹ ስልኬ ላይ ነበር። ምግብ ቤቱ የሰው ቁጥር እንዳረጋግጥለት መልእክት ልኮልኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከባሕር ዳር የመጣችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ከማረፊያቸው ግቢ ባገኘችው ረጅም ቅጠል ለጾመኞቹ ሁሉ የሆሳዕና ቀለበት ሠርታላቸዋለች። ዘንባባ ባይሆንም ዘንባባ መስሏል። ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ጀልባው ውስጥ ነን። የተሳፈርንበት ጀልባ በቀን ወደ በሩ ጠጋ ብሎ የሚያልፈው ነው። ሁሉም ወደ ቀኝ ጎን ተሯሯጠ።

ባሕሩ ግጥም ብሎ ሞልቷል። በሩ ውሃው ላይ ተቀምጧል። ቀዩ ጥላው ከሥሩ ይወዛወዛል። ከኋላው ቤተ መቅደሱ፣ ወለሉ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ልክ እንደደረስን እዚያ ዳር ሄደን አንድ አንድ ፎቶ እንነሣ» አለች የባሕር ዳሯ ልጅ። «ለእማዬ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«አሁን አይሆንም» አልኳት። «የኬብል መኪናው ወረፋ ይበዛል። ከሰዓት አንድ ሰዓት ሙሉ ይዤላችኋለሁ። በሩ የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

በሩ እርግጥ የትም አልሄደም።

ከወደቡ ስንወጣ አጋዘኖች ተቀበሉን። ሚያጂማ ላይ አጋዘን እንደ እኛ ሰፈር ውሻ መንገድ ላይ ይዞራል፤ ወረቀት ሲያይ ደግሞ አይምርም። አንዱ ከኋላዬ መጥቶ ከእጄ ላይ ፕሮግራሙን ነጠቀኝ። ስጎትተው ታችኛው ግማሽ አፉ ውስጥ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍል ነው የበላው። ሳቅን። ዛሬ ሳስበው የእሱ ፍርድ ከእኔ የተሻለ ነበር።

ተራራው እንዳሰብነው ሄደ። የኬብል መኪናው መጀመሪያ በትንሿ፣ ቀጥሎ በትልቋ ያወጣል። ከመውረጃው እስከ ጫፉ ግማሽ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ አለ። 535 ሜትር ለእኛ ሰው ተራራ አይባልም፤ ጋሼ እንኳ ዱላ ሳይዙ ወጡት። ከላይ ሲታይ ባሕሩ በደሴት ተሞልቷል። ምሳውም ሰምሮልኛል። ጾመኛው ጾሙን፣ ሙስሊሙም የሚበላውን አገኘ። ጋሼ ቀመስ አድርገው «ጨው የለውም» ሲሉኝ በኩራት ልቤ አበጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። መጀመሪያ የታየኝ የሰው ብዛት ነው። ቀጥሎ ሰዉ የቆመበት ቦታ። በሩ ሥር ቆመዋል። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች በጭቃው መካከል ታልፋለች። ጠዋት ጀልባ ሊያልፍበት የሚችለው ባሕር የለም። በቦታው አረንጓዴ ሣር መሰል ነገር የተኛበት፣ ኩሬ ኩሬ የቋጠረ ጭቃ ተዘርግቷል። ቀዩ በር ከነሙሉ እግሩ ጭቃው ላይ ቆሟል።

ክው አልኩ። ድካሜን ሁሉ ውሃ በላው እንዳልል ውሃው ራሱ የለም።

«ይሄ ነው ተንሳፋፊው?» አለች የባሕር ዳሯ ልጅ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ጣና እኮ ከቁርስ እስከ ምሳ ቦታውን ለቆ አያውቅም።»

እውነቷን ነው፤ የእኔም ስህተት እዚያው ላይ ነበር። ባሕር በሌለበት አገር አድጌ፣ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል የማውቀው በክረምትና በበጋ ነው። ወንዝ ሞላ እንላለን፤ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽ በጂኦግራፊ ክፍል ተምሬ ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ፈልጎኝ አያውቅም። ሂሮሺማ አካባቢ ደግሞ በሙሉውና በጎዶሎው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ የሚሰፋው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ነው። ጋሼ ዋዜማውን ነግረውኝ ነበር፤ ለካ ስለ ፋሲካ ብቻ አልነበረም።

ስልኬን አውጥቼ አሁን ፈለግኩ። ውሃው ተመልሶ በሩን «ለማንሳፈፍ» እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። የእኛ ሚኒባስ በአሥራ አንድ ይነሣል። ለቡድኑ ይህን ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ሌላው ዝም ብሎ ወደ ጀልባው አቅጣጫ አየ።

ጋሼ ግን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገብተዋል።

ተከተልኳቸው። በሩ ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ቁመቱ 16 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱ ዋና ምሰሶዎች የተጠረቡ አይመስሉም፤ ዛፉ እንደበቀለ ጎባጣና ወፍራም ሆነው ቆመዋል። ሥራቸው ላይ ዛጎል መሰል ነገር ተለጣጥፎበታል። ጋሼ መዳፋቸውን አስደግፈው ዙሪያውን ዞሩት።

«መሠረቱ ስንት ሜትር ይወርዳል?» አሉኝ።

ይህን እንኳ አንብቤ ነበር። «አልተቀበረም ጋሼ። በራሱ ክብደት ነው የቆመው። ከሥሩ ያለውን ጭቃ በእንጨት ችካል አጠንክረው አስቀመጡት። ክብደቱ 60 ቶን ገደማ ነው። ያ ላይኛው አግዳሚ ደግሞ ውስጡ ክፍት ሣጥን ነው፤ ድንጋይ ሞልተውበታል። ድንጋዩ ብቻ 7 ቶን ያህል ይሆናል።»

«መቼ ተሠራ?»

«ይሄኛው በፈረንጆቹ 1875።»

«ዓድዋ ሳይደርስ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ብዙ ቆዩ። «እንስራ ተሸክማ የምትሄድ ሴት አይተህ የለም? ቀጥ ትላለች። እንዲያ አድርገውት ነው።» ሌሎቹን በእጃቸው ጠሯቸው። «ኑ እንጂ! ጠዋት ቢሆን ይሄን እናይ ነበር?»

አንድ በአንድ መጡ። የውሃ ሰዎች አይደሉ? አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስለ በሩ ፎቶ መነጋገር ትተው ስለ ችካሉ ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ወደ ቤተ መቅደሱ ወለል ሄዶ ሳንቃዎቹ መካከል ሆን ተብሎ የተተወውን ክፍተት አገኘ። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞላ ውሃው ከታች ገፍቶ ወለሉን እንዳይገነጥለው በዚያ ይወጣል። እሱን ለማስረዳት ጭቃው ላይ በጣቱ ሥዕል ሣለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የባሕር ዳሯ ልጅ ፎቶ ፎቶ አልሆነም። በነጭ ጫማዋ ጭቃ ረግጣ በሩ ሥር ተነሣችና ለእናቷ ላከችው። እናትየው የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውሃው የታለ?»

ወደ ጀልባው ስንመለስ ጋሼ ከጎኔ ሆኑ። «ትናንት ስለ ባሕረ ሐሳብ ሳወራህ ሰምተኸኝ ነበር?»

«በከፊል፣ ጋሼ።»

«ሐሳቡን ይዘህ ባሕሩን ረሳኸው።» ሳቁ። እኔ ገና መሳቅ አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። እዚህ አገር ጉድለትን ቶሎ ካላሳወቅክ፣ ከጉድለቱ ይልቅ ዝምታህ ይበልጥ ያስወቅሳል። «ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር የፎቶው ፕሮግራም አልተሳካም» ብዬ ጽፌ ለባልደረባዬ አሳየሁት። አነበበው። መሳቢያውን ከፍቶ መዳፍ የምታክል፣ ጠርዟ የተቀዳደደ ደብተር አወጣ። ቅዳሜና እሁድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ደብተሯ የዓመቱ የባሕር መሙያና መጉደያ ሰዓት ናት። የእሁዱን መስመር በእርሳሱ ነካ አደረገ። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ሙሉ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት አካባቢ ባዶ። ውሃው ከ250 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን በሩ ይንሳፈፋል፤ ከ100 በታች ሲሆን በእግር ይደረስበታል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ሚያጂማ የሚሄድ ሰው ከባቡሩ በፊት የሚያየው ይህንን ነው።

«ዓርብ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለኝ። «ሺዮ ደህና ነው ወይ ብዬ።»

«ጨው ነበር የመሰለኝ።»

እርሳሱን አቁሞ አየኝ። ከዚያ ወረቀት ስቦ ሁለት ምልክቶች ጻፈ። የመጀመሪያው ጨው ነው፤ ጎኑ ላይ የአፈር ምልክት አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ከውሃ ምልክት አጠገብ «ጠዋት» የሚለው የተቀመጠበት ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ማለት ነው። ሁለቱም ሲነበቡ ሺዮ ናቸው። ትንሽ አሰበና ሦስተኛ ጨመረ። ውሃና «ምሽት»። እሱም ሺዮ ነው፤ የማታው።

«ታዲያ ‹ትንሽ እንዲቀንሱልን ጠይቄአለሁ› ስልህ ምን መሰለህ?»

አሁን ጊዜ ወሰደ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የሚስቅ መሆኑ የገባኝ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ማንን እንደጠየቅክ ነበር ያልገባኝ» አለኝ፤ የእሁዱን መስመር ደግሞ በእርሳሱ እያሳየኝ። «ግን ቀንሰውልሃል እኮ።»