አብሮ አደረሰን

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ከአዳር ሥራ ገና መግባቴ ነው። እዚህ ጀርመን፣ ሆፍ ከተማ ዛሬ የሥራ ቀን ነው። አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ፤ ዳቦ ቤቱም በሰዓቱ ተከፈተ። እኔ ግን ትናንት ሠርቼው የሄድኩትን ዶሮ አሙቄያለሁ። ቡናው እየፈላ ነው። አደይ ባይገኝም ቢጫ አበባ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስልኬ ከንጋት ጀምሮ አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያልኩ እየመለስኩ ነው።

ዘንድሮ ግን ይቺን መልስ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። አንዲት ሴት ትዝ እያሉኝ ነው።

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው ያወቅኋቸው። ኦማ ነበር የምላቸው፤ እዚህ አያትን እንዲህ ነው የሚሏት። መጋቢት ላይ በ85 ዓመታቸው አረፉ። ጠዋት መጋረጃ ስከፍትላቸው ሁልጊዜ ቀኝ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ያነሡ ነበር። ውጭ ሰው ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም። መጀመሪያ የመርሳት ሕመም መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ኦማ የሞድላሮይት ልጅ ናቸው። ሞድላሮይት ከሆፍ በስተሰሜን፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማትሞላ መንደር ናት። ዛሬም ሰዋ ከ50 አይበልጥም። ጥቂት የገበሬ ቤቶች፣ ዙሪያውን ማሳ፤ በቃ። መሐሏን ታንባህ የሚባል ጅረት ያልፋል። ጅረት ስላችሁ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነው። በ1810 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የባቫሪያ መንግሥትና የሮይስ ልዑላን ግዛት ይህንኑ ጅረት ወሰን አድርገው የድንበር ድንጋይ ተከሉ። ባቫሪያ ወዲያ፣ በኋላ ቱሪንጂያ የተባለው ወዲህ ሆነ። ለመንደሩ ሰው ግን ምንም አልነበረም። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በቱሪንጂያ በኩል ነበሩ። እሑድ ለጸሎት ደግሞ ሁሉም ባቫሪያ ውስጥ ወዳለችው ቶፐን ይሄዳል። ተጋብተዋል፤ ተዋልደዋል። የኦማ አክስትም ከጅረቱ ማዶ ነው የተዳሩት።

ከጦርነቱ በኋላ ያ ጅረት የአሜሪካና የሶቪየት ቀጠና ወሰን ሆነ። በ1949 ሁለት መንግሥት ሲቆም ባቫሪያ በምዕራብ ጀርመን፣ ቱሪንጂያ በምሥራቅ ጀርመን ሆነና የአንድ መንደር ሰው የሁለት አገር ሰው ሆነ። ያኔም ቢሆን በፈቃድ ወረቀት ይሻገሩ ነበር። የከፋው በ1952 መጣ። ምሥራቅ ጀርመን ከድንበሩ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን መሬት ልዩ ፈቃድ የሌለው የማይገባበት ቀጠና አደረገችው። «አይታመንም» የተባለ ቤተሰብ ከነልጁ እየተጫነ ወደ መሐል አገር ተወሰደ። ሞድላሮይት መሐል የጣውላ አጥር ቆመ። ኦማ 12 ዓመታቸው ነበር። ቀጥሎ እሾሃማ ሽቦ መጣ። በ1966 ደግሞ 700 ሜትር የሚረዝም፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ የኮንክሪት ግንብ። አሜሪካኖቹ መንደሯን «ትንሿ በርሊን» አሏት። በ1983 ጆርጅ ቡሽ፣ ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ መጥተው አይተውታል።

ኦማ ስለ ቡሽ አያወሩም ነበር። ስለ ግንቡም ብዙ አይሉም። የሚያወሩት ስለ እጅ ነው።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እጅ ማውለብለብ ክልክል ነበር። ሰላምታም ክልክል። የማዶዎቹ ሰላም ማለት ይችላሉ፤ የወዲህኞቹ መመለስ አይችሉም። የኦማ ቤት በምሥራቁ በኩል ዳገቱ ላይ ስለነበር ከላይኛው መስኮት የአክስታቸው ግቢ ይታያል። አክስትየዋ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥተው እጃቸውን ያነሣሉ። ኦማ መጋረጃው ኋላ ቆመው ያያሉ። «የቀሚሴ ኪስ ውስጥ እጄን አንቀሳቅሰው ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። አክስትየዋ የሞቱ ዕለት ሬሳው ከግቢ ሲወጣ ያዩት በዚያው መስኮት ነው። ርቀቱ 50 ሜትር አይሞላም። ሄደው አልቅሰው አልቀበሩም። ይህን ሲነግሩኝ እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ቀብር መቅረት ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ በስልኬ አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። የዛላምበሳ ድንበር በእኛው መስከረም 1 ቀን 2011 የተከፈተ ዕለት የተቀረጸ ነው። 20 ዓመት ያልተያየ ሰው አንገት ለአንገት ተናንቆ ሲያለቅስ። ኦማ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት። «አሁንም ክፍት ነው?» አሉኝ። በዚያው ዓመት ተመልሶ መዘጋቱን ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። እጄን ይዘው ቆዩ።

የእነሱ ድንበር የተከፈተው የበርሊን ግንብ ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1989። በማግሥቱ ዓመት ሰኔ 17 ደግሞ ግንቡ በማሽን ፈረሰ። ኦማ ተሻግረው መጀመሪያ የሄዱት አክስታቸው ግቢ ነው። እዚያ ቆመው ወደ ገዛ መስኮታቸው እጃቸውን አነሡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ ያ እጅ በየጠዋቱ የሚነሣው።

ጥቅምት ላይ «አንድ ጊዜ ውሰጂኝ» ብለውኝ ነበር። እሺ አልኩ። ብርዱ ይለፍ አልኩ። ፈረቃዬ ይስተካከል አልኩ። መንገዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መጋቢት ገባና ኦማ አረፉ። ይኼ ከዓመቱ ሁሉ ያንገበግበኛል፤ ሰበብ የለኝም።

ነሐሴ ላይ ብቻዬን ሄድኩ። ከግንቡ 100 ሜትር ያህል ለሙዚየም ትተውታል፤ የጥበቃ ማማውም አለ። ጅረቱ እንደ ድሮው ነው። መንደሯ ዛሬም ሁለት ክፍለ አገር ውስጥ ናት፤ ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት የፖስታ ቁጥር። በባቫሪያ በኩል ሰላምታው «ግሩስ ጎት» ነው፤ በቱሪንጂያ በኩል «ጉተን ታግ»። በየትኛውም ሰላም ብትል ግን መልስ ታገኛለህ። ምሥራቁ ዳገት ላይ ቆሜ እጄን አነሣሁ። ማዶ ልብስ የምታሰጣ ሴት አየችኝ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። መቆንጠጫውን ጥርሷ ላይ ይዛ እጇን አነሣችልኝ።

መኪናሽን ያዋስሽኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ ነዳጅ እንኳ አላስሞላሽኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ። የኦማ ልጅ፣ የእናትሽን የቡና ስኒ ለእኔ ስለሰጠሽኝ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ የምጠጣው በእሱ ነው። ኑረምበርግ ያሉት እትዬ፣ በየወሩ እንጀራ በባቡር ሰው ላይ የሚልኩልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ቤተሰቦቼ፣ ችቦው ሲበራ በቪዲዮ ስላሳያችሁኝ ተባረኩ። ዘንድሮ ሰው የቀበራችሁ፣ ቀብርም የቀረባችሁ ወዳጆቼ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በተዘጋ መንገድ ማዶ እናት ያላችሁ፣ መንገዱን ይክፈትላችሁ።

አንቺ ደግሞ ፍራንክፈርት ያለሽው እህቴ። ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። በእናታችን ቤት ጉዳይ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሞላን። ፋሲካ ላይ ጽፈሽልኝ ነበር። አይቼው ዝም አልኩ። የምመልስበት እጅ አጥቼ አይደለም፤ ማንም አልከለከለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም። እደውላለሁ። እንኳን አደረሰሽ፣ እህቴ።